የካውንስሊንግ ማስተርስ በኦንላይን፦ ወገኖቼ ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

በክሊኒካል የአእምሮ ጤና ካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ቨርጂኒያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እየሠራሁ፣ በኦንላይን ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም የሚያገኙኝ ሰዎች «እኔም ልመዘገብ ነው፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ እጅግ ያስፈልገናል። ሆኖም ከጥያቄያቸው ጋር አብረው የሚመጡ፣ ገንዘብና ዓመታት የሚያስከፍሉ የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። የምጽፈው ስለ አሜሪካው ሥርዓት ብቻ ነው።

«ኦንላይን ከሆነ ሁሉም ነገር ከቤት ያልቃል»

ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። ንባቡ፣ ሌክቸሩና ፈተናው ቤት ድረስ ይመጣል። ሙያው ግን ከሰው ፊት ካልተቀመጡ አይለመድም።

የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነውና ዕውቅና የሚሰጠው፣ በ1981 የተቋቋመው ካክሬፕ የሚባለው አካል ነው። ይህ አካል ለኦንላይን ትምህርት የተለየ ቀላል መስፈርት የለውም። ቢያንስ 60 ክሬዲት ያስፈልጋል። ከዚያ ውስጥ 100 ሰዓት ፕራክቲከም፣ ማለትም የመጀመሪያ የተግባር ልምምድ አለ፤ ቢያንስ 40 ሰዓቱ ከእውነተኛ ተገልጋዮች ጋር የሚያልፍ ነው። ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ረዘም ያለ የሥራ ላይ ልምምድ ይመጣል፤ ከእሱም ቢያንስ 240 ሰዓቱ እንዲሁ ከተገልጋዮች ጋር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ በአማካይ አንድ ሰዓት ከተቆጣጣሪ ባለሙያ ጋር ለብቻ ወይም ከሌላ ተማሪ ጋር ሁለት ሆኖ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን እየተቀመጡ ሥራን ማስገምገም ግዴታ ነው።

እስቲ ሒሳቡን ከራሳችሁ ኑሮ ጋር አስተያዩት። በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠሩ 600 ሰዓት 30 ሳምንት ይፈጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያለ ክፍያ። ክሊኒኮች የሚከፈቱት ቀን ነው፤ የቤት ኪራይ የምንከፍልበት ሥራም ቀን ነው። በዚያ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች የልምምድ ቦታውን የማፈላለጉን ሥራ ለተማሪው ይተዉታል። እኔ ቦታ ፍለጋ የጀመርኩት ዘግይቼ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ጽፌ ሦስቱ ብቻ መለሱልኝ፣ አንዱ ተቀበለኝ። የሌሊት ፈረቃ የያዝኩትም ቀኑን ለልምምዱ ለመተው ብዬ ነው። ስለዚህ ለመመዝገቢያ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን «እኔ በምኖርበት አካባቢ የልምምድ ቦታ ማን ያገኝልኛል? ባይገኝስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

«ካሜራ አጥፍቶ እያዳመጡ ማለፍ ይቻላል»

በሌላ የትምህርት ዘርፍ ይቻል ይሆናል። እዚህ ፊታችሁ፣ ድምፃችሁ፣ ዝምታችሁ ሁሉ ይመረመራል። የምክክር ክፍለ ጊዜን ቀድቶ መማሪያ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ የአንድን ሰው የምክክር ቆይታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ያሳተመው በ1942 ነው። ኦንላይን ተማሪም የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ተገልጋይ ሆና፣ እኔ ካውንስለር ሆኜ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ ቀዳን። የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒውተሩን በሁለት ድስት መሐል አስቀምጬ ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል። መምህሬ የመለሰችልኝ አስተያየት ደቂቃና ሰከንድ የተጻፈበት ነበር። 11 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ጓደኛዬ የአባቷን ሕመም ታነሣለች፣ ዓይኗን ወደ ታች ትሰብራለች፣ ዝም ትላለች። እኔ ዝምታውን መታገሥ ተስኖኝ «አይዞሽ፣ ይሻላቸዋል» የሚለውን የለመድኩትን ቃል በእንግሊዝኛ አቀብላታለሁ። እሷም ፈገግ ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለች። መምህሬ በዚያች ሰከንድ ትይዩ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ልትናገር የነበረውን ነገር ከእንግዲህ አናውቀውም።»

ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። ይህ ትምህርት ቀላል ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትዝ የሚለኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ካውንስሊንግ ማለት ምክር መስጠት ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው መምከር እችልበታለሁ»

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል። «የምክር አገልግሎት» ብለን ስለተረጎምነው፣ አዋቂ ተቀምጦ የሚናገርበት፣ ችግረኛ ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ነገር ይመስለናል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እየተባልን አድገናል። ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ ታላቅ እኅት ሲመክሩን ኖረናል፤ ያ ምክር ብዙ ቤት ያቆመ፣ ብዙ ጠብ ያበረደ ትልቅ ሀብታችን ነው። የካውንስለር ሥራ ግን ሌላ ነው። ሰውየው የራሱን ነገር ራሱ እስኪሰማው ድረስ ታግሦ መጠበቅ፣ ጭንቀትን ከድብርት፣ ድብርትን ከሐዘን ለይቶ ማወቅ፣ ራስን የማጥፋት አደጋ ሲኖር በቀጥታ መጠየቅ፣ ለአንድ የተለየ ችግር ውጤቱ የታወቀ ሕክምና መርጦ በዕቅድ መሥራት ነው። መድኃኒት አያዝም፤ ያ የሳይካትሪስት ድርሻ ነው። መካሪነታቸው የተመሰከረላቸው የማኅበረሰባችን ሰዎች ወደዚህ ትምህርት ሲገቡ መጀመሪያ የሚቸገሩት አፋቸውን በመያዝ ነው። እኔም ተቸግሬያለሁ።

«ዲግሪውን ከያዝኩ ካውንስለር ነኝ»

ዲግሪው በሩን ይከፍታል እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት በየራሱ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ በ1976 ከሁሉም ቀድማ ሕግ አወጣች፤ ካሊፎርኒያ በ2009 የመጨረሻዋ ሆነች። በቨርጂኒያ ተመራቂው በመጀመሪያ «ሬዚደንት» ይባላል። ሙሉ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ 3,400 ሰዓት በቁጥጥር ሥር ይሠራል፤ ከዚህ 2,000ው ፊት ለፊት ከተገልጋዮች ጋር፣ 200ው ደግሞ ከተቆጣጣሪ ባለሙያ ጋር ነው። አገር አቀፍ ፈተናም አለ። ሬዚደንት ሳለ የራሱን ቢሮ ከፍቶ በስሙ ማስከፈል አይችልም። ከምዝገባ እስከ ሙሉ ፈቃድ ድረስ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ብታስቡ ለቤተሰብ ዕቅዳችሁ የሚበጅ ይመስለኛል።

«ፈቃዴ በሁሉም ግዛት ይሠራል»

አይሠራም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቢሮ ያለው ሰው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ለተቀመጠች ሴት በቪዲዮ ሲያገለግል፣ በጥቅሉ የሚታየው እሷ ያለችበት ግዛት ሕግ ነው፤ የሜሪላንድ መብት ያስፈልገዋል። ይህን ለማቃለል ከ30 በላይ ግዛቶች ካውንስሊንግ ኮምፓክት የተባለውን ስምምነት በሕግ ተቀብለዋል፤ ሥራ ላይ እየዋለ ያለው ግን ግዛት በግዛት ነው።

ለኦንላይን ተማሪ ነገሩ ይብሳል፤ ትምህርት ቤቱ በአንድ ግዛት፣ ተማሪው በሌላ፣ ለመሥራት ያሰበው በሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2020 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ፣ ወደ ፈቃድ የሚያደርስ ፕሮግራም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ትምህርታቸው የየትኛውን ግዛት መስፈርት እንደሚያሟላ የማሳወቅ የፌዴራል ግዴታ አለባቸው። ዝርዝሩን ጠይቁ፤ ከዚያም የግዛታችሁን ፈቃድ ሰጪ ቦርድ መስፈርት ራሳችሁ አንብቡ። የትምህርት ቤቱ ተማሪ መልማይ የሚያባብለውን ሳይሆን ቦርዱ የጻፈውን እመኑ።

«ኦንላይን ልመዝገብና የተማሪ ቪዛ ይሰጡኛል»

ከአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን በሚሰጥ ትምህርት ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ አይገኝም፤ ቪዛው ያለው ሰው እንኳ ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት የሚቆጠርለት በአንድ ሴሚስተር ከአንድ የኦንላይን ኮርስ አይበልጥም። በአንጻሩ እዚህ ለሚኖር ሰው ከኢትዮጵያ ያመጣው የመጀመሪያ ዲግሪ ዋጋ የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ትራንስክሪፕቱን በታወቀ የምዘና ተቋም ካስገመገመ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይቀበሉታል፤ ዲግሪው የሳይኮሎጂ መሆንም የለበትም።

«የአዛውንቶች መድን ካውንስለርን አይከፍልም»

ድሮ እውነት ነበር። ከጥር 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት መድን ፈቃድ ላላቸው የአእምሮ ጤና ካውንስለሮች ይከፍላል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው እንዲያገኙ ይህ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው።

«አነጋገሬና አስተዳደጌ እንቅፋት ይሆኑብኛል»

ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጽሑፍ ይኖራል፣ ይህን አልሸሽግም። የአነጋገር ቅላጼ ግን ማንንም ሲያስወድቅ አላየሁም። አስተዳደጋችን ደግሞ ሌላው ተማሪ የማያገኘውን ነገር ይሰጠናል።

በኢንተርንሺፕ ጊዜ አንዲት እናት ወደ እኔ ይመጡ ነበር፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጬ ነው የምጽፈው። ስለ ልጃቸው በጠየቅኋቸው ቁጥር «ሆድ ይፍጀው» ይሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ተቆጣጣሪዬ ማስታወሻዬን አንብቦ «ሆዳቸውን ያማቸዋል? ሐኪም አይቷቸዋል?» አለኝ። ሆድ በእኛ ዘንድ ምስጢር የሚቀመጥበት፣ ሐዘን የሚብስበት፣ ቂም የሚያድርበት፣ ፍቅርም የሚሸሸግበት ቤት መሆኑን ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። ጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ገና ካሜራው እንደተከፈተ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ የጠየቀኝ «ሆዳቸው እስካሁን ብቻውን እየፈጀው ነው?» ብሎ ነው።