ፎሌ ነዳጅ አይቆጥብም፦ ስለ ናፍጣ መኪና የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሰሞን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ጎበዝ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ፒክአፗን ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን ያጥባታል። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንዳለፍን ግን ፍሪሲዮን ረገጠና ማርሹን አውጥቶ ፎሌ፣ ማለትም ባዶ ማርሽ፣ አደረገው። መኪናዋ ድምጿን አጥፍታ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ነዳጅ እየቆጠብኩ ነዋ ጋሼ!»

ሃያ ምናምን ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ። ናፍጣ ከጥፍሬ ሥር ሳይለቅ ነው ያረጀሁት። አሁን ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል ተቀምጬ ማን ስንት ሊትር ወስዶ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ እመዘግባለሁ። ይህችን «እየቆጠብኩ ነው» የምትባል ነገር ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። የሚገርመው፣ ቆጣቢ ነኝ ባዮቹ ናቸው ወር ሳይሞላ ነዳጅ የሚያልቅባቸው። ስለዚህ ዛሬ ይውጣልኝ። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላሰናብትና ፎሌን ተደላድዬ እመለስበታለሁ።

«ናፍጣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲቀዳ ይበረክታል።»

የማደያው ታንከር የተቀበረው መሬት ውስጥ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም ሙቀቱ ያው ነው። እንቅልፋችሁን ተኙ።

«ናፍጣው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ ሲደረግበት ይቆጥባል።»

ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ደግሞ ደረቅ ነው። በሊትር ሳንቲም አተርፋለሁ ያለ ሰው ፖምፓ ማሠሪያ ሲከፍል ብዙ አይቻለሁ።

«ኤሲ ከመክፈት መስኮት መክፈት ይሻላል።»

ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ፣ አዎ። በ100 ስትበሩ ግን ልዩነቱ ለጭቅጭቅ አይበቃም። ሌላ ነገር እናውራ።

«ጥቁር ጭስ የናፍጣ ባሕርይ ነው፤ ጉልበት ነው።»

ጉልበት አይደለም፤ በወጉ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ብራችሁ ነው እዚያ ሲተን የምታዩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ፣ የሌለው አሮጌ ሞተር ይህን የሳሳ አየር ነው የሚስበው። ፖምፓው ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ እንደ ወደቡ አድርጎ ይረጫል። አየር ያጣው ትርፍ ናፍጣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ጭሱ ሲበዛ እግራችሁን ጨምራችሁ ብትረግጡ የምትጨምሩት ጭስ እንጂ ፍጥነት አይደለም።

አንድ ጊዜ የሚኒባስ ባለቤት መጥቶ «ጉልበት አነሰኝ፣ ፖምፓውን ክፈትልኝ» አለኝ። ፖምፓውን ትቼ የአየር ፊልትሮውን አወጣሁት። ሲራገፍ የወጣው አቧራ ችግኝ ያበቅላል። አዲስ ፊልትሮ ገባ፤ ጭሱም ጠፋ፣ ጉልበቱም ተመለሰ። ሰውዬው ግን ደስ አላለውም። ፖምፓው እንዲከፈት ነበር የፈለገው።

«ናፍጣ ሞተር ጠዋት ሩብ ሰዓት ካልሞቀ ይጎዳል።»

ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው ቆሞ የማይሞቀው። በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ሰዓት አስነስታችሁ ብትጠብቁ የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ ላይል ይችላል። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይትና ጎማው ደግሞ ካልተንቀሳቀሱ ጭራሽ አይሞቁም። አስነሱ፣ ግማሽ ደቂቃ ዘይቱ ይዙር፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎሜትሮች ብቻ አታስጩኹት።

«አጥፍቶ ማስነሳት፣ ቆሞ ከመጠበቅ የበለጠ ይበላል።»

አይበላም። ለማስነሳት የሚሄደው ነዳጅ ሞተሩ ቆሞ በጥቂት ሰከንዶች ከሚያቃጥለው አይበልጥም። መካከለኛ የፒክአፕ ሞተር ቆሞ በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ይወስዳል። አለቃ ስብሰባ እስኪጨርስ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ፣ መንገዱ እስኪከፈት እየተባለ በቀን ሁለት ሰዓት ከቆመ፣ በ25 የሥራ ቀን 40 ሊትር ነው። የፒክአፕ ግማሽ ታንክ ማለት ነው። አንድ ስንዝር እንኳ አልሄደም እኮ! ከሁሉ የሚገርመኝ የናፍጣ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ሞተር ሳያጠፋ የሚጠብቀው ነው። ናፍጣ አጥቶ ናፍጣ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። ቱርቦ ያለው መኪና ረጅም ዳገት ጭኖ ወጥቶ ወዲያው ሲቆም አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ፤ ቱርቦው ግሏል። አንድ ሁለት ደቂቃ አልኩ እንጂ ምሳ ተበልቶ እስኪመለስ አላልኩም።

«ከፍ ያለ ማርሽ ሁሌም ይቆጥባል።»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የማይሞተው። በሜዳ ላይ ቶሎ ቶሎ ማርሽ መጨመር ጥሩ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ባለው ውስጥ ሲሠራ ምቾት አለው። ሁለተኛ ላይ 3,000 ዙር ድረስ የሚያስጮህ ሰው የሚነዳ ሳይሆን የሚፎክር ነው የሚመስለኝ። ነገር ግን በ35 ፍጥነት አምስተኛ አስገብቶ ዳገት የሚጀምርም አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ ያጓራል፣ ጋቢናው ይንቀጠቀጣል፣ ቱርቦውም ገና ስላልነቃ አየር አይደርስም። ሾፌሩ እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ኢንጀክተሩም የታዘዘውን ያህል ይረጫል። ቁጠባው የት አለ? መኪናው ሲያቃስት ማርሽ ቀንሱለት። ማዋረድ አይደለም።

«ካታሎጉ በሊትር 15 ይሄዳል ይላል፤ የኔ 10 አይሞላም። መኪናዬ ታሟል።»

አልታመመም። የታመመው ካታሎጉ ነው። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ኤን ኢ ዲ ሲ የተባለው ፈተና የሚደረገው ቤት ውስጥ፣ ሮለር ላይ ነበር። ርቀቱ 11 ኪሎሜትር፣ ጊዜው 20 ደቂቃ ገደማ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎሜትር አካባቢ፣ ኤሲው ተዘግቶ። ስለ እንጦጦ ዳገት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት እዚያው አውሮፓ ባደረገው ንጽጽር፣ በ2001 እ.ኤ.አ. 9 በመቶ ገደማ የነበረው የካታሎግና የመንገድ ልዩነት በ2015 ከ40 በመቶ አልፎ ተገኝቷል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብሊው ኤል ቲ ፒ በሚባል ጠበቅ ባለ ፈተና መተካት የጀመሩትም ወደው አይደለም። እኛ አገር የሚዞረው አሮጌ መኪና ግን ካታሎጉ የአሮጌው ዘመን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ካሉን ጋር ገና ብዙ ዓመት እንኖራለን።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውንም አማካይ አትመኑት። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ለራሱ ያዳላል። ትክክለኛው መለኪያ ድሮም ያለው ነው፦ ሙሉ ቅዱ፣ ኪሎሜትሩን ጻፉ፣ ንዱ፣ እዚያው ማደያ መልሳችሁ ሙሉ ቅዱ፣ ኪሎሜትሩን ለገባው ሊትር አካፍሉ። አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ። ጎማውን በትልቅ የቀየራችሁ ደግሞ ኪሎሜትር ቆጣሪያችሁ ከሄዳችሁት አሳንሶ እንደሚቆጥር አትርሱ። አንዱ ሾፌር «መኪናው በላተኛ ሆነ» ብሎ ኢንጀክተር ሊያስወርድ መጣ። ሰፋፊ ጎማ ካስገባ ሳምንቱ ነበር።

ሌላው መለኪያውን የሚያበላሸው የአዳማ መንገድ ነው። «ትናንት አዳማ ስሄድ በሊትር 14 ሄደችልኝ» ይለኛል። ስትመለስስ? ዝም። አዳማ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመመለስ ብቻ አንድ ሊትር ገደማ ተጨማሪ ናፍጣ ይፈልጋል። ስትሄዱ ተራራው ነው ያበደራችሁ፤ ስትመለሱ ይቀበላል። ደርሶ መልስ ካልሆነ ቁጥር አታምጡብኝ።

በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ፍጥነት አለ። ከ90 ወደ 120 ከፍ ስትሉ የአየሩ ግፊያ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ካለማ አይነሳ። የምታተርፉት ጊዜ? በ80 ኪሎሜትር ላይ 13 ደቂቃ። እሷንም ቃሊቲ መግቢያ ላይ መጨናነቁ ይወስድባችኋል።

አሁን ወደ ፎሌ።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል።»

ፎሌ ስታደርጉ ሞተሩ ከጎማው ተለየ ማለት ነው። እንዳይጠፋ ራሱን በራሱ ማዞር አለበት። በምን? በናፍጣ። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ግን ቁልቁለቱ ጎማውን፣ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ይህን ሲያይ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል። የሚረጨው ናፍጣ ባዶ ነው። ትንሽ ሳይሆን ባዶ። ዙሩ በጣም ሲወርድ ብቻ ሞተሩ እንዳይጠፋ መልሶ ይጀምራል።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «እሱ ለአዲስ መኪና ነው፤ የኔ አይሱዙ አሮጌ ናት» የሚል ነው። እንዲያውም! ያለ ኮምፒውተር በሜካኒካል መንገድ የሚሠራው አሮጌ ፖምፓ ላይም የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠር ጎቨርነር አለ። እግር ተነስቶ ሞተሩ በጎማ ተገፍቶ ከመቆሚያ ዙሩ በላይ ሲዞር፣ ጎቨርነሩ ናፍጣውን ይዘጋዋል። ናፍጣ ሞተር ይህን ያደርግ የነበረው ኮምፒውተር ሳይመጣ ነው። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከካርቡሬተር ይመስለኛል። ቮልስና አሮጌ ፊያት የነዱ አባቶቻችን ትክክል ነበሩ። ካርቡሬተር ሞተሩ በተገፋ ቁጥር ቤንዚን ይሳብበታል። እነሱ ለልጆቻቸው አስተማሩ፣ ልጆቻቸው ናፍጣ መኪና ላይ ይዘውት ወጡ። ቤንዚን ቀረ፣ ፎሌ ተረፈ።

ሐቀኛ ለመሆን፦ በጣም ለስላሳ ቁልቁለት ላይ፣ ማርሽ ውስጥ ሲሆን መኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ነዳጅ ስጡኝ በሚልበት ቦታ፣ ፎሌ በስሌት ጥቂት ሊያተርፍ ይችላል። ግን ፎሌ የሚያደርጉት እዚያ አይደለም። ዓባይ በረሃ ነው! ጣርማ በር ነው! ፍሬን ብቻውን ከ1,000 ሜትር በላይ ሲይዝ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ያኔ ማርሽ ላስገባ ቢሉ በዚያ ፍጥነት ካምቢዮው እሺ አይልም። ይባስ ብሎ ሞተሩን ጭራሽ የሚያጠፋ አለ። የእግራችሁን ኃይል የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮ አንድ ሁለቴ ሲረገጥ ይደክማል፣ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ይህን ያደረገ መኪና ጋራዥ ሲመጣ ስለ ነዳጅ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ዳሽቦርዱን የአሁኑን ፍጆታ እንዲያሳይ አድርገው» አልኩት። ፎሌ ላይ፣ በ40 እየወረድን፣ በ100 ኪሎሜትር 1.7 ሊትር ይላል። «አሁን ሦስተኛ አስገባ፤ እግርህን አንሳ።» ሞተሩ እህ ብሎ ያዘን። ቁጥሩ ወርዶ 0.0 ላይ ቆመ። እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ጥምዝ በመጣ ቁጥር፣ 0.0። ከላይ እስከ ወንዙ 20 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት። ፎሌ ላይ ቢወርድ በከንቱ የሚያቃጥለው አንድ ጠርሙስ ቢራ የሚያህል ናፍጣ ነው። እሱ ባይጠጣም።

ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት እስክንጀምር ምንም አልተናገረ። ከዚያ ፈገግ እያለ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ዳሽቦርዱን አትመኑት ይሉ አልነበር?»

«አማካዩን ነው። ኢንጀክተር ከተዘጋ ግን የሚሳሳትበት ነገር የለም» አልኩት። እሱ አሁንም እያሰበበት ነበር፤ መኪናዋ ደግሞ ሦስተኛ ላይ ማቃሰት ጀምራለች።

«ሁለተኛ አድርገው» አልኩት።