«የጉዞ መጽሐፍ? እሱ ደግሞ ምኑ ይነበባል!»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከልብ ወለድ ውጭ ሌላ የሚነበብ ያለ አይመስለኝም ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥልኝ ደንበኛዬ አንድ ቀን የጠየቅኩትን ልብ ወለድ ሲያጣ፣ አንድ የጉዞ ማስታወሻ አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ሰጠኝ። «ካልጣመህ መልስልኝ» አለኝ። አልመለስኩለትም። ያኔ እኔ እላቸው የነበሩትን ነገሮች ግን ዛሬም ከልብ ወለድ ወዳጆች አፍ እሰማለሁ።

«ደረቅ ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ስንት ቀን ያስኬዳል ከማለት አያልፍም።»

እንዲህ ያሉም አሉ፤ ዘለል ማድረግ ነው። ፖርቱጋላዊውን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝን ግን ያነበበ እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1520 በምጽዋ በኩል ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል አገራችን ተቀመጠ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ሲገልጽ ይቆይና ድንገት ይታክተዋል። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ይልና፣ የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ባየው ነገር ተደንቆ፣ አገሩ ሲመለስ ውሸታም እንዳይባል የሚፈራ ቄስ! እኔ እዚያች መሐላ ላይ ስደርስ ነው የተሸነፍኩት።

«ልብ ወለድ ካልሆነ እውነት ነው፤ እውነት ከሆነ የሚጠረጠር የለውም።»

እኔን ለዓመታት ያራቀኝ ይሄ ነው። እስኪ ስኮትላንዳዊውን ጄምስ ብሩስን እንየው። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት ዘለቀ፣ ግሽ ዓባይንም አየ። አምስት ቅጽ የሆነው መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ ለንደን ቀድሞውኑ በወሬው ስቃበት ነበር፤ በተለይ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ያውም ነፍሷ ካልወጣ ላም ተቆርጦ፣ በማለቱ። (ይህን ያነበብኩት ቁርጥ በልቼ በገባሁበት ማታ ነው። ስለ ጥሬው እኔም ምስክር ነኝ፤ ስለ ላሟ ግን አልምልለትም።)

የሚገርመው፣ ሰው የጠረጠረው ሌላ፣ እሱ የዋሸው ሌላ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄዶ ነበር፤ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩስ ግን ሰውየውን ከጉዞው በፊት ገደለው፣ በብዕሩ። ክብሩን መካፈል አልፈለገም። በ1618 ግሽ የደረሰውን ስፔናዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ጴድሮ ፓኤዝንም አልደረሰም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ተራኪው ማንን ደበቀ? ለምን ደበቀ? ልብ ወለድ ሲያነብ የኖረ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከሩቅ ያሸታል፤ እዚህም የሚያስፈልገው ያው አፍንጫ ነው።

«ልብ ወለድና የጉዞ ታሪክ አይተዋወቁም።»

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን ረግጦ አያውቅም። በ1735 የፖርቱጋላዊውን የካቶሊክ ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ አሳተመ፤ በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ። ዘሩን ከየት እንዳገኘው ግልጽ ነው። (ብሩስን ካላመኑት አንዱ ደግሞ ይኸው ጆንሰን ነበር።) የእኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ፣ በዚያው ዓመት ለመንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍም አውጥተዋል።

«የጉዞ መጽሐፍ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኛ ተጻፈብን እንጂ አልጻፍንም።»

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እንግዳው መጥቶ እኛን ሲያየን ነበር የማነበው። እዚህ ላይ እንግዳው የኛ ሰው ነው፤ የሚደነቀው፣ የሚያነጻጽረው፣ ለአገሬ ምን ይዤ ልመለስ የሚለውም እሱ ነው። ደንበኛዬን የቆየውን እትም እንዲፈልግልኝ ጠይቄው ነበር። «ከተገኘ ዋጋው አይቀመስም» አለና፣ እስከዚያው ብሎ ሌላ አቧራ የለበሰ መጽሐፍ በእጅጌው መጥረግ ጀመረ።