ስለ ሚሲሲፒ ዴልታ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዴልታ ወንዝ ባሕር ሲደርስ ደለሉን እየከመረ የሚሠራው መሬት ነው። የሚሲሲፒ ወንዝ ዴልታ ያለባት የአሜሪካ ግዛት ሉዊዚያና ከ1932 ወዲህ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ መሬት አጥታለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ጥፋቱ የባሕሩ ብቻ ነው»

ባሕሩ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። መሬቱም ግን እየወረደ ነው። የዴልታ አፈር ጆንያ ውስጥ እንደተሞላ እህል እያደር ዝቅ ይላል። ድሮ ወንዙ እየሞላ አዲስ ደለል ይደርብበት ነበር። ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ግን ወንዙን ግራና ቀኝ በክትር አጠሩት። ጎርፉ ሲቀር ደለሉም ቀረ፤ አሁን ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይደፋል። ነዳጅ ፈላጊዎች ደግሞ ረግረጉን በቦይ ሸነሸኑት። ጨዋማ ውሃ ገብቶ ሣሩን ገደለው። ሥሩ ከሞተ አፈሩን ማን ይያዘው?

«ግንቡን ማሳደግ ይበቃል»

ኒው ኦርሊንስ በ2005 አውሎ ነፋሷ ካትሪና ስትመጣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ነበራት። ግንቡ በየቦታው ተደርምሶ ከከተማዋ 80 በመቶው በውሃ ተጥለቀለቀ። ረግረግም ብቻውን ማዕበል አያቆምም። ጉልበቱን ይቀንስለታል እንጂ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

«የሄደ መሬት አይመለስም»

ይሄኛው ነው የሚገርመኝ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሞርጋን ሲቲ የተባለችውን የሉዊዚያና ከተማ ከጎርፍ ለማዳን ከሚሲሲፒ ከሚገነጠለው ከአቻፋላያ ወንዝ ወደ ባሕር ቦይ ተቆፈረ። ዴልታ እንሥራ ያለ ሰው አልነበረም። ከ1973ቱ ጎርፍ በኋላ ግን ቦዩ አፍ ላይ ጭቃ ብቅ አለ። ዛሬ ዋክስ ሌክ ዴልታ ይባላል፤ አኻያ በቅሎበታል፤ አሁንም እያደገ ነው።

«የሚቃወሙት ስላልገባቸው ነው»

የሚሲሲፒን ውሃና ደለል በከፊል ወደ ባራታሪያ ረግረግ የሚመልሰው የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፕሮጀክት በ2023 ተጀምሮ በ2025 ተሰረዘ። ያናድዳል። ግን ጨው የሌለው ውሃ ሲበዛ ኦይስተር (ሰው የሚበላው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ይሞታል። ኦይስተር ደግሞ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በደንብ ገብቷቸዋል።

«የዓባይን ዴልታ የሚያጠፋው ህዳሴ ግድብ ነው»

ወደ ቤታችን እንምጣ። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። አፈሩ ግን ማደሪያ ካገኘ ቆየ፦ አስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ተጠናቀቀ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚታጠበው ደለልም ናስር ሐይቅ ውስጥ ሲቀር ኖረ። ግብፅ ዓባይ ባሕር በሚገባበት ረሺድ ላይ ባሕሩን በግንብ መመከት የጀመረችው የህዳሴ ግድብ መሠረት በ2011 ከመጣሉ ብዙ ዓመት በፊት ነው።