ከጡት ዕጢ ላይ የሚለካ ኢንዛይም፣ ከጎጃም ሲታይ

ጎጃም ውስጥ ጠላ የጠመቀች ሴት የኢንዛይምን ሥራ በእጇ ታውቀዋለች። ገብሱ ተነክሮ ሲበቅል ውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ የእህሉን ስታርች እየቆራረጡ ስኳር ያደርጉታል። ብቅሉ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ኢንዛይም ማለት እንዲህ ያለ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ገላችንም ያለ እሱ አንድ ቀን አያድርም።

የጡት ካንሰር ግን ይህንኑ መሣሪያ ለክፉ ያውለዋል። ዕጢው ሲጀምር ዙሪያው በፕሮቲን የታጠረ ነው። ለመሰራጨት አጥሩን መጣስ አለበት። በዚህ በኩል በደንብ የተጠናው ኢንዛይም ዩሮካይኔዝ፣ በአጭሩ ዩፒኤ ነው። ዩፒኤ ፕላዝሚኖጅን የሚባለውን የተኛ ፕሮቲን ቀስቅሶ ፕላዝሚን ያደርገዋል። አጥሩን የሚበላው እንግዲህ ፕላዝሚን ነው። የካንሰር ሴሎች በዚያ ሽንቁር ሾልከው ወደ ብብት ንፍፊት፣ ብሎም ወደ አጥንት፣ ሳንባና ጉበት ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የደብሊን ተመራማሪዎች ዕጢያቸው ውስጥ ዩፒኤ የበዛባቸው ሴቶች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸው አሳወቁ። በ2002 ደግሞ ከ8,000 በላይ የአውሮፓ ታካሚዎች መረጃ አንድ ላይ ተጠንቶ ነገሩ ጸና።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ፒኤአይ-1 ነው። ይህ ፕሮቲን የዩፒኤ ልጓም ነው። ልጓሙ ሲበዛ ካንሰሩ የሚገታ ይመስላል አይደል? የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ፒኤአይ-1 የበዛበት ዕጢም የባሰ ነው። ልጓሙ ሴሎቹ ከተጣበቁበት ተላቀው እንዲጓዙ፣ ዕጢውም አዳዲስ የደም ሥር እንዲያበቅል ያግዛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይለካሉ። ካቴፕሲን ዲ የተባለ ሌላ ኢንዛይምም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ የጥናቶቹ ውጤት ስላልተስማማ ሕክምና የሚወሰንበት ሳይሆን ቀረ።

ልኬቱ የሚጠቅመው በተለይ ንፍፊቷ ውስጥ ካንሰር ያልተገኘባትን ሴት ነው። ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይጨመር ወይስ ይቅር? ዩፒኤም ፒኤአይ-1ም ዝቅ ካሉ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2007 መመሪያው ልኬቱን ተቀብሎታል።

ችግሩ ናሙናው ላይ ነው። ያኔ የተቀመጠው መለኪያ ቢያንስ 300 ሚሊግራም ትኩስ ወይም ወዲያው በረዶ የሆነ የዕጢ ቁራጭ ይፈልጋል። ቁራጭ እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ከነካው ለዚህ አይሆንም። ጎጃም ውስጥ ይህ ምርመራ የተለመደ አይደለም፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ናሙና አብርዶ ማቆየትም ቀላል አይደለም። ከገጠር ከተማ የሚነሳውን ናሙና አስቡት። ቁራጩ ክዳኗ በፕላስተር በታሸገ ዕቃ፣ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሯል። ልጅየው ለእናቱ ብሎ ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ ጭኑ ላይ ይዞ፣ በሚኒባስ ባሕር ዳር ይገባል።

ደግነቱ ያ ናሙና አሁንም ብዙ ይናገራል። ሄር 2 የሚባለው በሴሉ ገጽ ላይ ያለ፣ የእድገት መልእክት የሚያስተላልፍ ተቀባይ ራሱ ኢንዛይም ነው፤ ዓይነቱ ታይሮሲን ካይኔዝ ይባላል። ከመቶ የጡት ካንሰር በ15 እስከ 20ው ላይ ይበዛል። ድሮ የክፉ ምልክት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሄር 2ን የሚያጠቃው መድኃኒት ትራስቱዙማብ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ግን መድኃኒት መምረጫም ሆነ። የሚታየውም ፎርማሊን ውስጥ በቆየ ቁራጭ ላይ ነው።

ግን አያያዙ ይወስነዋል። ቁራጩ ከገላ በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ የቁራጩን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። እዚያ ውስጥ የሚቆየውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። አነሰም በዛም ውጤቱ ይዛባል፤ ሄር 2 ያለባት እናት የለባትም ልትባል ትችላለች። ስለዚህ ዕቃዋ ላይ ከስሟ ሌላ ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ፦ ቁራጩ የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት።