የተማሪዎች የሶላር መኪና

ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል ከሚሠሯቸው የምህንድስና ፕሮጀክቶች መካከል የሶላር መኪናን ያህል ስሙ የገነነ የለም። ትልቁ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው፣ አውስትራሊያን ከዳርዊን እስከ አዴሌይድ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚያቋርጠው ውድድር ነው። የመጀመሪያውን ድል ጄኔራል ሞተርስ ወሰደ፤ በ1990 ግን የስዊዘርላንዱ የቢል ምህንድስና ትምህርት ቤት አሸነፈ። ሆንዳ በ1993 እና በ1996 ድል ቢያደርግም፣ ከ2001 ወዲህ የዋናው ምድብ አንደኝነት ከዩኒቨርሲቲዎች እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ የኔዘርላንዱ ዴልፍት፣ የጃፓኑ ቶካይና የቤልጅየሙ ሉቨን ተፈራርቀውበታል። በፀሐይ የሚሠራ ቤት የሚገነባበት የተማሪዎች ውድድርም አለ፤ በ2002 በዋሽንግተን ተጀመረ።

በ2017 የመኪናው ውድድር ሕግ የሲሊከን ፓኔልን ስፋት ወደ 4 ካሬ ሜትር ዝቅ አደረገው። ብቃቱ 24 በመቶ የሆነ ፓኔል፣ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት በሚያርፍበት ጠራራ ፀሐይ፣ ቢበዛ 960 ዋት ይሰጣል። ይህ ብዙ የፀጉር ማድረቂያዎች ከሚፈልጉት ያንሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፓኔሉ ብቃት ይልቅ የአካሉ ቅርጽ ይወስናል የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል ማለትም ይከብዳል።

ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚሸነፈው ሴሎችን፣ ማለትም ፓኔሉ የተሠራባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ እርስ በርስ ሲያያይዝ ነው። አንድ የሲሊከን ሴል 0.6 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሴሎቹ በተከታታይ ይያያዛሉ። በተከታታይ መስመር ደግሞ የደካማው ሴል ከረንት የሁሉንም ይገድባል፤ የሾፌሩ መቀመጫ ክዳን ጥላ አንዱ ላይ ካረፈ መስመሩ ይዳከማል፣ የተጋረደው ሴልም ይግላል። መፍትሔው ለየጥቂት ሴሎቹ ማለፊያ ዳዮድ፣ ማለትም ከረንቱ የተጋረዱትን ሴሎች ዘሎ እንዲያልፍ መንገድ የሚሰጥ አካል፣ ማድረግ ነው። በተጠማዘዘ አካል ላይ ወደተለያየ አቅጣጫ የዞሩ ሴሎችን በአንድ መስመር ማሰር ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ ከፍተኛውን ኃይል እየፈለገ የሚያወጣ የራሱ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ሲበየድ ወይም ሲለጠፍ የሚፈጠር፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ በፓኔሉ ከረንት ማሳለፍና ኢንፍራሬድ ማጣሪያው በወጣለት ካሜራ ማየት። ጤናማው ክፍል ያበራል፣ የተቆረጠው ይጠቁራል። ይህ መደረግ ያለበት ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ሴሉን ሳይሰብሩ ማንሣት አይቻልም ማለት ይቻላል።

የሊቲየም ባትሪው የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅና ሙቀት እየተከታተለ በራሱ የሚያቋርጥ ተቆጣጣሪ የግድ ይላል። በ2019 ሲመራ የነበረው የዴልፍት መኪና መድረሻው ሲቃረብ ተቃጠለ፤ ሾፌሩ በሰላም ወጣ፣ ድሉም ለሉቨን ሆነ።