«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ቤይሩት ላይ የዋለች አባባል

ይህች አባባል የከብት አገር ልጅ ናት። ላም ያለው ቤት እርጎ አለው፣ ቅቤ አለው፣ እንግዳ ሲመጣ አያፍርም። ላሟ ሩቅ ዘመድ ጋር ብትሆን እንኳ ሄዶ ማየት ይቻላል። የሰማይዋን ግን ማን ያልባታል? «ሰማይ» ከ«አላይ» ጋር ቤት ስለሚመታ ከአፍ አትጠፋም። ባዶ ተስፋ ለያዘ ሰው እንተርትባታለን፤ ሎተሪ ሳይወጣለት ቤት ለሚሠራ፣ ውሉ ሳይፈረም ገንዘቡን ለሚቆጥር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «አለኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ምንም የሌለው ሰው ቅሉን ይዞ ጎረቤት ይሄዳል። «አለኝ» የሚለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ይህን በደንብ ያሳየችኝ ሊባኖስ ናት። ከ1997 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507.5 ሊራ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። በ2019 መጨረሻ ባንኮች በራቸውን ዘጉ። ሲከፍቱም ዶላር ያስቀመጠ ሰው ዶላሩን እንደ ልቡ ማውጣት አልቻለም። ሂሳቡ ላይ አለ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የለም። ሊባኖሶች ባንክ ውስጥ ለታሰረው ዶላር ስም አወጡለት፦ «ሎላር»። እኛ ብንሆን የሰማይ ላም እንለው ነበር። መስከረም 2022 አንዲት ሴት የመጫወቻ ሽጉጥ ይዛ ቤይሩት ውስጥ አንድ ባንክ ገባች። ለእህቷ የካንሰር ሕክምና የሚሆን የገዛ ገንዘቧን አስቆጥራ ወጣች። ሊራው በ2023 ለአንድ ዶላር 90 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

ከውጭም ላም ተልካ ነበር። ሚያዝያ 2018 አገራትና አበዳሪዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ለሊባኖስ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ገቡ። አብዛኛው ብድር ነው፤ የሚለቀቀውም የሊባኖስ መንግሥት ማሻሻያ ሲያደርግ። ማሻሻያው አልመጣም፣ ላሚቱም አልወረደችም። ሚያዝያ 2022 ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር የተደረሰው የ3 ቢሊዮን ዶላር የመጀመሪያ ደረጃ ስምምነትም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለጋሾቹ ገንዘቡን ዝም ብለው አለመልቀቃቸው ትክክል ነው። በቀዳዳ ቅል ወተት አይቀዳም። ግን ማሻሻያውን እምቢ ያለውና ወተት ያጣው አንድ ሰው አይደለም። እምቢ ያለው ባለሥልጣን ጦሙን አያድርም። ስለዚህ ላሟን ለመንግሥት አትልቀቁ፤ ወተቱን ግን በቀጥታ ለየቤቱ አድርሱ። የዓለም ባንክ ጥር 2021 ለድሃ ቤተሰቦች 246 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቆ ነበር። ክፍያው የተጀመረው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ካዘገዩት ነገሮች አንዱ «በሊራ ይሁን? በስንት ይመንዘር?» የሚለው ንትርክ ነበር። በመጨረሻ በዶላር ሆነ። ተመስገን ነው፤ ሊራ ቢሆን እጅ ላይ ይቀልጥ ነበር።

ሌላም አለ። መጋቢት 2022 ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሉክሰምበርግ ከሊባኖስ ተመዝብሯል ስለተባለ የሕዝብ ገንዘብ በተከፈተ ምርመራ 120 ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ንብረት አገዱ። ለካ ላሟ ሁልጊዜ ሰማይ ላይ አይደለችም። አንዳንዴ ቃል የሚገባው ሰውዬ በረት ውስጥ ታስራለች። እርዳታ ከመሰብሰብ በፊት የራስን በረት መፈተሽ የሚቀድም ይመስለኛል።

የእኛም ልጆች እዚያው ነበሩ። ሰኔ 2020 ቀጣሪዎች ዶላር ሲያጥራቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። አስፋልት ዳር ያደሩ አሉ። ለወራት ያልተከፈላቸው ብዙ ነበሩ። ደመወዛቸው ማዳም ጋ «አለ»።