የምድር ቤት መስኮት፦ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ግማሽ ጎኑ አፈር ውስጥ የገባ ምድር ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ለተማሪ ይከራያል። ዝገት የበላውን መስኮት ልቀይር ብሎ የተነሳ ሰው ከጎረቤትም ከበያጅም ምክር ይጎርፍለታል፤ ሁሉም ግን ልክ አይደለም።

«መስኮቱ ሲቀየር እርጥበቱ ይጠፋል።» ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኼኛው ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ውሃው አፈሩን አርሶ በግድግዳው በኩል ይገባል። ይህን አዲስ መስኮት አያስቆመውም። መስኮት ከማዘዝዎ በፊት ፌስታል ቀደው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ሁለት ቀን ይተዉት። ከፌስታሉ ሥር ካላበው ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ከላዩ ከረጠበ የክፍሉ አየር ነው፤ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ትቶ መስኮት መክፈት ይረዳል። ከግድግዳው ከሆነ ግን ወጥተው ጣሪያውን ይመልከቱ፤ አሸንዳው ውሃውን የሚደፋው እዚያው መስኮቱ አጠገብ ሊሆን ይችላል። እሱን ማዞር ከመስኮት ይረክሳል።

«መስኮቱ ፊት ያለው ጉድጓድ ሲሚንቶ ይፍሰስበት።» ያኔ ገንዳ ሠሩ ማለት ነው። ጠጠር ይደልደልበት፤ ጠጠሩም ከመስኮቱ ደፍ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል፤ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ የሚያወጣ ቱቦ ይቀበርለት።

«አሉሚኒየም ምንም አይነካውም።» እንደ ብረት አይዝግም፣ እውነት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ግን ያበላሸዋል፤ ልስኑ እስኪያልቅ መሸፈኛው ላስቲክ አይነሳ። መስኮቱ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም ለሳኙ እንዳይደፍናቸው ይንገሩት፤ የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸው። እኔ በበኩሌ አፈር ለማይነካው መስኮት አሁንም በደንብ የደረቀ ዋንዛ እመርጣለሁ።

«አንዴ ከተለካ ይበቃል።» አይበቃም። ወርዱ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካና ትንሹ ይወሰዳል፤ ከእሱም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀነሳል።

«ፍርግርግ ካልተበየደ ሌባ ይገባል።» ይገባ ይሆናል። ክፍሉ መውጫው አንድ በር ብቻ ከሆነና ሰው የሚተኛበት ከሆነ ግን እሳት ሲነሳ ያ ፍርግርግ ወጥመድ ነው። በማጠፊያ ይሠራ፤ ቁልፍ ሳያስፈልግ ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይግባለት።

«መስከረም እንደጠባ ይቀየር።» ጅማ ላይ ዝናቡ ከመስከረምም ያልፋል፣ ግድግዳውም ገና አልደረቀም። ጥር ድረስ ቢታገሱ ይሻላል፤ ያኔ ቡና ለቀማው ስለሚቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛም ማግኘት ይቀላል።